«አልነሣም አለ»፦ ስለ መኪና ሙያ ቃላት አፈታት

የሙያ ቃላት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ባብዛኛው የሚያተኩረው በውሰት ቃላት ላይ ነው። «ካንዴላ»፣ «ሞተሪኖ» እና «ቦቢና» በአማርኛ አቻ ይተኩ ወይስ አይተኩ በሚለው ላይ ብዙ ቀለም ፈሷል። በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ጉድለት ያለው ሌላ ስፍራ ነው። መኪናው የቆመበትን ሰው ይበልጥ የሚያሳስተው ባዕዱ ቃል ሳይሆን፣ ማንም የማይጠረጥረው የገዛ ቃላችን «ተነሣ» ነው።

«መኪናው ተነሣ» ሲባል ጉዞ ጀመረ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ መሥራት ጀመረ ማለትም ይሆናል። ይህን መንታነት ዐውዱ ይፈታዋል። «አልነሣም አለ» የሚለውን አሉታ ግን ዐውድም አይፈታውም፤ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ብልሽቶችን በአንድነት ይሸፍናልና። አንደኛው ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞተሩ ጨርሶ የማይዞርበት ነው፤ ሁለተኛው ሞተሩ እየዞረ በራሱ ኃይል መሥራት የማይጀምርበት ነው። ምርመራው ሁሉ የሚከፈለው ከዚህ ላይ ነው።

ለአብነት ባለካርቡራተሩን የድሮ ቮልስዋገን እንውሰድ። ሞተሩ የማይዞር ከሆነ በቅድሚያ የሚፈተሹት ባትሪው፣ የባትሪው ሽቦዎች መጋጠሚያና ሞተሪኖው ናቸው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 ቮልት ከወረደ ግን ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። የመብራቱ መብራት ብቻውን የባትሪውን ደኅንነት አያረጋግጥም፤ ሞተሪኖ የሚስበው ኃይል መብራት ከሚስበው እጅግ ይበልጣልና። ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ግን ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል? ቤንዚኑ ካርቡራተር ይደርሳል? ብልጭታው ከጠፋ ፑንቲናው ይታያል። ሲከፈት 0.4 ሚሊሜትር ያህል መሆን የሚገባው ክፍተቱ ከተደፈነ ወይም ገጹ ከተቃጠለ፣ ቦቢናው ለካንዴላው የሚበቃ ኃይል አያመነጭም።

ጋራዥ ለዚህ ልዩነት መግለጫ አላጣም። «በግፊ ተነሣ» የሚለው ሐረግ የአነሣሡን መንገድ ብቻ ሳይሆን የምርመራ ውጤትንም ይነግረናል። ተገፍቶ የተነሣ ሞተር ብልጭታውም ነዳጁም እንደሚደርሰው ያስመሰክራል፤ ጥርጣሬውን ወደ ባትሪው፣ ወደ ሽቦዎቹና ወደ ሞተሪኖው ያጠባል። ስለዚህ «ግፊ»ን «መግፋት» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ፍች የቃሉን ሥር ሰጠ እንጂ በሙያው ውስጥ ያለውን ትርጉም አልሰጠም።

ወደ ውሰት ቃላቱ ስንመለስ፣ «ካንዴላ» በጣልያንኛ ሻማም ማለት ነው፤ «ሞተሪኖ»ም ማንኛውም ትንሽ ሞተር ነው። በእኛ ጋራዥ ግን የመጀመሪያው ብልጭታ ሰጪው፣ ሁለተኛው ሞተር አስነሺው ብቻ ሆነዋል። ትርጉማቸውን አጥብበው ከአማርኛ ጋር የተዋሐዱ ስለሆኑ፣ በአዲስ ፈጠራ መተካታቸው ለሙያተኛው ትርፍ የለውም። ነቀፋ የሚገባው «ቫልቮላ» ነው። ጣልያንኛው በሞተር ውስጥ የአየርና የጭስ መተላለፊያን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ክፍል፣ እንዲሁም ኤሌክትሪክ ሲበዛ ቀልጦ መስመሩን የሚያቋርጠውን ዕቃ በዚህ በአንድ ስም ይጠራል። አንዱ በደቂቃ ይለወጣል፤ ሌላው ሞተር ያስፈታል። «ቫልቮላው ተበላሽቷል» የተባለ ባለመኪና ለየትኛው ሊከፍል እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። ለዚህ መፍትሔው አዲስ ቃል መፍጠር ሳይሆን፣ ሕዝብ የሚያውቃቸውን «ፊውዝ» እና «ቫልቭ» ለየፊናቸው መድቦ «ቫልቮላ»ን ከሙያ መጻሕፍት ማስቀረት ነው።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን ፍቾች እናቀርባለን። «ዞረ»፦ ሞተር በሞተሪኖ ወይም በግፊ ተንቀሳቀሰ። «ተነሣ»፦ ሞተር በራሱ ነዳጅ ቃጠሎ መሥራት ጀመረ። በእነዚህ ሁለት ቃላት «አይዞርም» እና «ይዞራል፣ ግን አይነሣም» ብሎ ለይቶ የሚናገር ባለመኪና፣ ደኅናው ካርቡራተር ሳይፈታበትና ደኅናው ባትሪ ሳይለወጥበት ትክክለኛውን ጥገና ለማግኘት ይቀርባል። የሙያ መዝገበ ቃላት የሚመዘነውም ስንት ባዕድ ቃል አስወጣ ተብሎ ሳይሆን፣ ስንት የተደባለቀ ነገር ለየ ተብሎ ሊሆን ይገባል።