ያለ ኮድ የሚበራ መብራት

በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ብጫ የሞተር ምልክት ሲበራ ባለመኪናው «በኮምፒውተር ይታይልኝ» ብሎ ወደ ጋራዥ መምጣቱ፣ ስካነሩ ቁጥር ሲያወጣም ቁጥሩ የጠቆመው ዕቃ ተገዝቶ መተካቱ የዘመኑ የሙያችን ሥርዐት ሆኗል፤ ነገር ግን መብራቱ በርቶ ሳለ ስካነሩ «ኮድ የለም» ብሎ የመለሰ እንደ ሆነ፣ የመካኒኩ ዕውቀት ከመሣሪያው ዕውቀት ተለይቶ የሚመዘነው ያን ጊዜ ነው።

የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በየወገኑ እንደሚፈታው፣ እኔም እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣልኝ ከሞተሩ አስቀድሜ የምመረምረው መብራቱን ያበራው ማን እንደ ሆነ ነው፤ አንድም ኮምፒውተሩ ነው፤ አንድም በኮምፒውተሩና በመብራቱ መካከል ያለው ሽቦ ነው፤ አንድም ከሞተሩ ሕመም ጋር ምንም ነገር የሌለው የኪሎሜትር ቆጣሪ ነው።

ይህ ሦስተኛው እንግዳ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በጋሞ ገጠር የሚመላለሱትንና ዋን ኤች ዜድ የተባለውን የናፍታ ሞተር የያዙትን አሮጌ የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘሮች ይመልከት። ሹፌሮቻቸው የበራውን ሁሉ «የሞተር መብራት» ይሉታል እንጂ፣ ሞተሩስ ናፍታውን በሜካኒካል ፖምፓ የሚቀበል ስለ ሆነ ኮድ የሚመዘግብበት ምክንያት የለውም፤ የበራው የታይሚንግ ቺንጊያ መብራት ነው፤ እርሱም 100,000 ኪሎሜትር፣ በአንዳንዱም 150,000 ሲሞላ በቆጣሪው ትእዛዝ ይበራል። ቺንጊያው ከተቀየረ በኋላ መብራቱ የሚጠፋው በዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችውን ብሎን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው በማዛወር፣ ወይም እንደ ሥሪቱ ትንሽ ቁልፍ በመጫን ነው። ቺንጊያውን ሳይቀይሩ ብሎኗን ብቻ የሚያዛውሩ ሰዎች መኖራቸውን ሳስብ እጅግ አዝናለሁ፤ ቺንጊያው በጉዞ ላይ የተበጠሰ ዕለት ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉና።

የሽቦው ነገር ግን በእኛ አገር ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገም ነው። አገራችን ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ፣ የሙዝ እርሻ በከበበው ሞቃት ቆላ የምትገኝ ስትሆን፣ ከዚህ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መኪና ከ1,200 ሜትር ግድም ወደ 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ይገፋል፤ ሞተሩም በኃይል ሲስብ ከመቀመጫው ዘንበል ስለሚል አብሮት የሚንቀሳቀሰው የሽቦ እስር ከብረት ጋር እየተፋተገ ልባሱ ያልቃል። በቀድሞዎቹ መኪናዎች ኮምፒውተሩ መብራቱን የሚያበራው ሽቦውን ከማሳ ጋር በማገናኘት እንደ መሆኑ መጠን፣ የተላጠው ሽቦ ራሱ የመኪናውን አካል ሲነካ መብራቱ ኮምፒውተሩ ሳያውቅ ይበራል። ስለዚህ ሹፌሩ «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ይበራል፣ ቁልቁለት ላይ ይጠፋል» ሲለኝ ከስካነሩ አስቀድሜ ኮፋኖውን እከፍታለሁ። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የባትሪው ማሳ ተነቅሎ፣ የኮምፒውተሩ ሶኬት ከተላቀቀ በኋላ ማሳው ተመልሶ ቁልፉ ሲዞር መብራቱ አሁንም ከበራ፣ ኮምፒውተሩ ከክሱ ነጻ ነው።

ያበራው በእውነት ኮምፒውተሩ እንደ ሆነ ግን ባዶ መዝገብ ራሱ ምስክር ይሆናል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በደነገገችው፣ አውሮፓም ከ2001 ጀምሮ በቤንዚን መኪናዎች ላይ በተከተለችው ሥርዐት፣ ሕመሙ ካልተመለሰ መብራቱ ከሦስት ደኅና ጉዞዎች በኋላ ቢጠፋም፣ ኮዱ ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ሞቆ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከመዝገቡ አይፋቅም። እንግዲህ ትናንት የበራ መብራት ዛሬ አንዳች ፍለጋ ካልተወ፣ «ባትሪውን የነቀለው ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሹፌሩ ቢክድም ስካነሩ አይክድም፤ ኮምፒውተሩ የሚያካሂዳቸው የራስ ምርመራዎች ሁሉ «አልተፈጸመም» ተብለው ከተገኙ መዝገቡ በቅርቡ ተጠርጓል ማለት ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ ባለመኪናው በለመደው መንገድ ጥቂት ቀን ነድቶ እንዲመለስ አሰናብተዋለሁ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሳይደሰት ይሄዳል፤ ዕቃ ሲቀየርለት ገንዘቡን ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ለምርመራ ሲጠየቅ «ምን ሠራህና?» ይላልና።

ደግሞ «ኮድ የለም» እና «አልተገናኘም» የተለያዩ መልሶች መሆናቸውን ብዙ ወጣቶች ይዘነጋሉ። በስልክ የሚሠራው ርካሽ መሣሪያ ከጋዝ ልቀት ጋር የተያያዙትን የጋራ ኮዶች አንብቦ አምራቹ ለብቻው ያስቀመጣቸውን ሊዘል ይችላል፤ ለሌላ ገበያ የተሠራ መኪናም መሰኪያው ቢመሳሰል እንኳ ላይመልስለት ይችላል። መሰኪያው ኤሌክትሪክ ከሌለው ደግሞ በአንዳንዱ መኪና የሲጋራ ማቀጣጠያው ፊውዝ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህንም ለማወቅ ቴስተር ብቻ ይበቃል።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉት አሮጌዎች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ይሸጣሉ፤ ከመሸጣቸውም በፊት አምፖሉ የተነቀለባቸው አሉ። መኪና እንድመረምርላቸው የሚጠሩኝን ሰዎች የማሳያቸው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲዞር የሞተሩ መብራት መብራት አለበት፤ ካልበራ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ስለ ዋጋው አልነጋገርም።