መልክ ለሌለው መልክ
ጄፍ ኦርሎውስኪ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ2020 በኔትፍሊክስ የቀረበው «ዘ ሶሻል ዲሌማ» ግማሹ ዘጋቢ፣ ግማሹ ድራማ ነው፡፡ ዘጋቢው ክፍል ብርቱ ነው፡፡ በጉግል፣ በፌስቡክና በትዊተር የሠሩ ሰዎች የእጃቸውን ሥራ ራሳቸው ሲከሱት እንሰማለን፡፡ ከውጭ ሆኖ የሚራገም ብዙ ነው፤ የቤቱን ጓዳ የሚያውቅ ሲመሰክር ግን ጆሮ ይሰጠዋል፡፡

ችግሩ ያለው ድራማው ላይ ነው፡፡ ቤን የተባለ ወጣት ከስልኩ መላቀቅ ያቅተዋል፡፡ ከስልኩ በስተጀርባ ደግሞ ቪንሰንት ካርታይዘር ብቻውን የሚጫወታቸው ሦስት ሰዎች ቆመው፣ አሁን ምን እናሳየው፣ በምን እንያዘው እያሉ ይመካከራሉ፡፡ ትዕይንቱ ለዓይን ይጥማል፤ ሐሳቡን ግን ያዛባዋል፡፡ ሦስቱ የሚወክሉት የኮምፒዩተር ስሌትን ነው፡፡ ስሌት ቤንን አይወደውም፣ አይጠላውምም፡፡ ጣቱ የት ላይ እንደቆመ፣ ምን ሲያይ እንደቆየ መዝግቦ ቀጥሎ የሚነካውን ይገምታል፡፡ የድርጅቱ ገቢ የሚገኘውም በዚህ ግምት ላይ ተመሥርቶ ከሚሸጥ ማስታወቂያ ነው፡፡

«የምደብቀው ነገር የለኝ፣ ቢያዩኝስ?» የሚለው የዘወትር አነጋገራችንም የሚመነጨው ከዚሁ ስሕተት ይመስለኛል፡፡ የሚያየን ሰው ነው ብለን እናስባለን፤ ሰው ደግሞ ምን ጊዜ ተርፎት የእኛን ተራ ኑሮ ይከታተላል? ለማሽን ግን ተራ የሚባል ኑሮ የለም፡፡ ከምስጢራችን ይልቅ የሚጠቅመው ልማዳችን ነው፤ ልማዱን የሚደብቅ ሰው ደግሞ አይገኝም፡፡ ፊልሙ ይህን በምስክሮቹ አንደበት ነግሮን ሲያበቃ በተዋናዩ አፈረሰው፡፡