«ልዩነት» እና «ድምር»፤ ለምህንድስና ሒሳብ በሚቀርቡ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የምህንድስና ተማሪ «አፕላይድ ማቴማቲክስ» የሚባሉ ተከታታይ ትምህርቶችን ይወስዳል። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ተማሪዎች እርስ በርስ ሲያስረዱ «ዲፈረንሺየት አድርገን ከዚያ ኢንቴግሬት እናደርገዋለን» ማለታቸው የተለመደ ነው። ይህን አነጋገር የሚነቅፍ ሁሉ ምትክ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይሁን እንጂ የሚቀርበው ምትክ ብዙውን ጊዜ በትይዩ ዝርዝር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ስም ብቻ ነው፤ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ አልተፈተነም።

ለምሳሌ ያህል፣ ለ«ዲፈረንሺያል» «ልዩነት» የሚለውን እንውሰድ። ከላቲኑ ሥርወ ቃል አንጻር ሲታይ ትርጉሙ አያስነቅፍም። ነገር ግን «ልዩነት» ገና ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ የመቀነስ ውጤት መጠሪያ ሆኖ ተይዟል። በምህንድስና ደግሞ ሁለት ዐይነት እኩልታዎች አሉ። «ዲፈረንሺያል እኩልታ» ሳያቋርጥ የሚለወጥን ነገር፣ ለምሳሌ እየቀዘቀዘ የሚሄድን ብረት ሙቀት ይገልጻል፤ «ዲፈረንስ እኩልታ» ግን ለውጡን በተነጣጠሉ እርከኖች ያሰላል። በኮምፒውተር ስሌት የመጀመሪያው በሁለተኛው የሚተካበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህንኑ በተባለው ስያሜ ብንጽፈው «የልዩነት እኩልታውን በልዩነት እኩልታ እንተካዋለን» የሚል ዐረፍተ ነገር እናገኛለን። ተተኪው ከተተካው አልተለየም። መሐንዲሱ ግን በመተካቱ ምክንያት የሚፈጠረውን ስሕተት መገመት አለበት፤ ስያሜው ጥያቄውን ራሱን ሰውሮበታል።

«ኢንቴግራል»ን «ድምር» ማለትም ተመሳሳይ ችግር አለበት። በርግጥ ላይብኒትስ እ.ኤ.አ. በ1675 የፈጠረው ምልክት «ሱማ»፣ ማለትም ድምር፣ ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰደ የተዘረጋ «ኤስ» ፊደል ነው። ይሁን እንጂ «ኢንቴግራል» የተባለው ስም እ.ኤ.አ. በ1690 በያኮብ በርኑሊ ጽሑፍ በኅትመት ወጥቶ ኋላ ጸንቷል። ዛሬም ኢንቴግራል በድምር ሲገመት ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ የየራሳቸው ስም ያስፈልጋቸዋል።

ታዲያ «ማጠራቀም» ቢባልስ? ወደ ግድብ በየሰከንዱ የሚገባው የውኃ መጠን ታውቆ በክረምቱ የተጠራቀመውን ማስላት በትክክል ይኸው ተግባር ነው። ግሡም «አጠራቀመ»፣ «ተጠራቀመ»፣ «ተጠራቃሚ» እያለ ይረባል። ሆኖም «ጥርቅም» የተባለው ስም የንቀት ቃና አለው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ገና ውይይት ይሻል።

ከዚህ የምንረዳው፣ አንድ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት ሦስት ፈተናዎችን ማለፍ እንዳለበት ነው። ግሥ ይወጣዋልን? ከቅርብ ጎረቤቱ ይለያልን? ሌላ ሥራ ያልያዘ ቃል ነውን? «ተለዋዋጭ» የሚለው ቃል ለሒሳብ ሥራ በሚገባ ያገለገለው «ለወጠ»፣ «ለውጥ» እና «ቋሚ» ከጎኑ ስላሉ ነው። ፈተናውን የሚያልፍ ቃል እስኪገኝ ድረስ «ዲፈረንሺያል»ን እንዳለ መያዝ ነውር አይደለም። እንግሊዝኛም «አይገንቫልዩ» ሲል የቃሉን ግማሽ ከጀርመንኛ እንዳለ ወስዷል። ባዕድ ቃል ተማሪውን ጥቂት ያደክመው ይሆናል፤ የተሳሳተ የአገር ቃል ግን ሳያውቀው ያሳስተዋል።