ኮት ውስጥ የተሰፋ ወረቀት

የብሌዝ ፓስካልን ስም ብዙዎቻችን ኮድ ጸሐፊዎች የምናውቀው በስሙ ከተጠራው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ሰውየው የሒሳብ ማሽን የሠራ ስለሆነ ይገባዋል። «መታሰቢያ» የሚባለው ጽሑፉ ግን ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ላይ ቀኑና ሰዓቱ አለ፦ ኖቬምበር 23 ቀን 1654 እ.ኤ.አ.፣ ከምሽቱ 4:30 ገደማ እስከ ሌሊቱ 6:30 ገደማ። ከዚያ እሳትን የሚጠራ አንድ ቃል፣ ብቻውን። ከዚያ ስለ እግዚአብሔር የተቆራረጡ ሐረጎች፤ ብዙዎቹ ማሰሪያ አንቀጽ እንኳ የላቸውም። ለእኔ ይሄ ሎግ ፋይል ነው። አንድ ነገር መቼ እንደተከሰተ ይመዘግባል፤ የተከሰተውን ግን አይሰጥህም።

ቃል አጥሮት ነው እንዳንል፣ በ1656 መታተም የጀመሩት ደብዳቤዎቹ እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ ስድ ንባብ ከምርጦቹ ይቆጠራሉ። ልዩነቱ እዚህ የሚያሳምነው አንባቢ አለመኖሩ ነው። ወረቀቱን ኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ይዞት ኖረ፤ በ1662 ሲሞት ያገኘው አገልጋዩ ነው። (አያቶቻችን ቢያዩት ክታብ ነው ይሉ ነበር።)

በ«ሐሳቦች» ያለውን ዝነኛ ውርርዱን ደረጃ በደረጃ መከተል እችላለሁ፤ ስጨርስ ግን በዚያች ሌሊት ምን እንደደረሰበት ፍንጭ የለኝም። «መታሰቢያ»ም ሁለቱን ሰዓት አልሰጠኝም። ግን ምንም ሳያስረዳ፣ የሆነ ነገር እንደደረሰበት አሳምኖኛል። ይበልጥ የያዘችኝ ያቺ «ገደማ» ናት። ማሽን ሠሪው ሰዓቱን በግምት ይጽፍና ወዲያው ስለ እርግጠኝነት ይናገራል።