ዝቋላ የጠፋበት ሥዕል

ከቂሊንጦ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው፣ ሰማዩ በጠራ ቀን የዝቋላ ተራራ ከአድማሱ ብቻውን ተነሥቶ ይታያል። ገድለ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የተሰኘው የግዕዝ ድርሰት ጻድቁን ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር የሚያኖራቸው፣ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብም 100 ዓመት በሐይቅ ውስጥ ተዘቅዝቀው መጸለያቸውን የሚተርከው በዚህ ተራራ ላይ ነው። ዝቋላ የገድሉ ማጀቢያ ሳይሆን መድረኩ ነው።

የጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ግን ተራራውን ትተውታል። ጻድቁ ሰውነታቸው በፀጉር ተሸፍኖ፣ እጆቻቸውን ለጸሎት ዘርግተው ይቆማሉ፤ በግራና በቀኝ አንበሳና ነብር፣ ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣ ወፍ፤ ከበስተኋላ ወጥ ቀለም ብቻ። ይህ ለእነርሱ ጉድለት አልነበረም። ተሳላሚው ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 በእግሩ የሚወጣውን አቀበት በሥዕል እንዲያሳዩት አልጠበቀም።

ነቀፌታ የሚገባው ዛሬ ይህንኑ ለሚደግም ነው። አንበሳውንና ጎላ ጎላ ያለውን ዓይን ከብራና ወደ ሸራ አዛውሮ፣ በጥቂት ፊደላት አጅቦ «ከጥንታዊ ድርሰት የመነጨ» ማለት (ለገበያው መቼም አይከፋም!) ቅጂ እንጂ ንባብ አይደለም።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሌላ መንገድ አሳይቷል። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ ብራና የሚጽፉና የሚሥሉ ሊቅ ነበሩ፤ ልጁ ግን የአባቱን መስመር አልገለበጠም። ከኮሎኝ ትምህርቱ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 «ጎልጎታ»ን ሲሥል ወንጌሉን በቅደም ተከተል አልተረከም። ቀዩ ቀለም ሸራውን ገዝቶት፣ ስፍራውና ሥጋው አንድ ቁስል ሆነዋል። የሥዕሉ ርዕስ የቦታ ስም መሆኑም በከንቱ አይደለም።

ገድሉም እንዲህ ሊነበብ ይችላል። በውሃ ውስጥ ተዘቅዝቆ ለሚጸልይ ሰው ተራራው ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ሰማዩም ከእግር በታች የተነጠፈ ነው። ደራሲው ይህን ሲጽፍ ለሠዓሊው አንድ ሙሉ የአተያይ ስልት አስረክቦታል፤ አንበሳውን ብቻ የወሰደ ሠዓሊ ከስጦታው ትንሹን ወሰደ።

ለዚህ ሥራ ሩቅ መሄድ አያሻም። ቂሊንጦ ላይ ጥቁሩ የዋልካ መሬት፣ የጤፍ ማሳው ቅሪትና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰፋፊ ጣሪያዎች ጎን ለጎን ናቸው። ጣሪያዎቹ የዝቋላን ግርጌ በሚከልሉበት ስፍራ፣ የተራራው ጫፍ በቆርቆሮ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። እርሱም ሠዓሊውን ይጠብቃል።