ባለማርሽ የእርምጃ ሞተርና የእንፋሎት ቫልቭ፤ አጭር ሂስ

የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ቫልቭን በትንሽ ባለማርሽ የእርምጃ ሞተር መንዳት የሚለው አሳብ ተማሪዎችን ቢማርክ አያስደንቅም። 28ቢዋይጄ-48 የሚባለው ባለ5 ቮልት ሞተር ርካሽ ነው፤ በግማሽ እርምጃ ሲነዳ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ4,096 እርምጃ ገደማ ስለሆነ፣ የሩብ ዙር ቫልቭ በ1,024 ያህል ይከፋፈልለታል።

ነገር ግን መከፋፈል ሌላ፣ መግፋት ሌላ ነው። የሞተሩ ጉልበት 0.034 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ተራ የግማሽ ኢንች ቫልቭ ከአሥር እጥፍ በላይ ይጠይቃል። ተጨማሪ ማርሽ ቢታከል ጉልበቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚከፋው፣ ሞተሩ የተላከለትን ምት እንጂ የደረሰበትን ስፍራ አለማወቁ ነው። ይኸውም ዓይኑን ጨፍኖ፣ መታጠፊያ እየቆጠረ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ ሹፌር ነው። ቫልቩ ጠጥሮ እርምጃ ቢያመልጠው፣ መቆጣጠሪያው «ተዘግቷል» ይላል፤ እንፋሎቱ ግን ይፈስሳል። መብራት ቢጠፋም ቫልቩ በነበረበት ይቀራል። ይህ በቤተ ሙከራ ቢታለፍ፣ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ ባለባት በኮምቦልቻ ግን የሰው ገላ የሚያቃጥል ስሕተት ይሆናል።

ስለዚህ ንድፉ ይጣል አንልም፤ ይሟላ እንላለን። የቫልቩን ዘንግ ስፍራ የሚለካ ፖቴንሽዮሜትር፣ በሁለቱም ጫፍ ማቆሚያ ስዊች፣ መብራት ሲጠፋ የሚዘጋ ሞላ ያስፈልገዋል። ማርሹ ወደ ኋላ መገፋትን ስለሚቃወም፣ ሞላው እንዲሠራ ክላች ይጨመርለት። ይህ እስኪሟላ ድረስ ሞተሩ የአትክልት ውሃ ይክፈት፤ ከቦይለር ግን ይራቅ።