የከሰዓቱ ንፋስ መቼ ይገባል?

በሐምሌ ጠዋት በእስራኤል ኪኔሬት ሐይቅ (በገሊላ ባሕር) ዳር የቆመ እንግዳ፣ እዚህ ውሃ ላይ ሸራ ይዘው የሚበሩ ሰዎች አሉ ቢባል አያምንም። ውሃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ስልኩን ቢያወጣ ትንበያውም ከዓይኑ ጋር ይስማማል፤ ከምዕራብ 8 ኖት፣ ለስለስ ያለ ንፋስ ይለዋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን እዚያው ቦታ 20 ኖት ይነፍሳል፣ ሞገዱ ነጭ አረፋ ይተፋል፣ ጠዋት ትልቅ ሸራ የወጠረ ሰው ፈትቶ ትንሹን ይወጥራል። (ሰዓት የምቆጥረው በእኛ ነው፤ ስምንት ማለቴ የአገሩ ሰው 14 የሚለውን ነው።)

በ8 እና በ20 መካከል ያለው ክፍተት የእኔ የሥራ መስክ ነው። በበጋው ወራት ጠዋት ጠዋት ለዊንድሰርፊንግ ተጫዋቾች፣ ለካያክ ቀዛፊዎች፣ ውሃው ዳር ድንኳን ለሚተክሉ ቤተሰቦች አጭር የንፋስ መልእክት እጽፋለሁ። ልዩነቱ ለማያውቀው ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሸራው ላይ የሚያርፈው ጉልበት አራት እጥፍ ነው፤ በ10 ኖት የሚዝናና ጀማሪ በ20 ከቦርዱ ላይ ተነቅሎ ይወድቃል።

የስልኩን ትንበያ የሚያሰሉትን የኮምፒውተር ሞዴሎች አልንቅም፤ እነሱን ሳላይ አንድ መስመር አልጽፍም። ችግሩ መሬትን በካሬ ከፋፍለው ማየታቸው ነው። የአውሮፓው ሞዴል አንድ ካሬ 9 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የአሜሪካው ጂኤፍኤስ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ጎን አለው። ኪኔሬት ደግሞ በሰፊ ወገቡ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለአሜሪካው ሞዴል ሐይቁ በወርዱ አንድ ካሬ ቢሆን ነው፤ እዚያው ካሬ ውስጥ የምዕራቡ የጥብርያዶስ ዳገትና የምሥራቁ የጎላን ቁልቁለት አብረው ይታጨቃሉ። የሐይቁ ፊት ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ያህል መሆኑ፣ በምዕራብም በምሥራቅም ከፍታ የከበበው መሆኑ በአማካይ ውስጥ ይጠፋል። ስልካችን ላይ የሚመጣው፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ ተራራው ተንዶ በተሠራ መሬት ላይ የተሰላ ንፋስ ነው። የምንጫወተው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጠዋት ፀሐይ ዳርቻውን ስታሞቅ ሐይቁ የራሱን ደካማ ሽውታ ወደ ዳር ይልካል፤ ያ ብቻውን ሸራ አይሞላም። ዋናው ንፋስ የሚነሳው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ ከሜዲትራኒያን ነው። ከባሕሩ የመጣው ቀዝቃዛ አየር በሞቀው መሬት እየተሳበ የገሊላን ኮረብቶች ይወጣል፣ እኩለ ቀን አለፍ ሲል ከአፋፉ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሲወርድ ይጨመቃል፣ ሲጨመቅ ይሞቃል፤ በየ100 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል። የባሕር ንፋስ ስለተባለ ቅዝቃዜ የጠበቀ ሰው ሞቃትና ደረቅ አየር ፊቱን ሲመታው ግራ ይጋባል።

የሚገባበትን ሰዓት በአብዛኛው የሚወስነው ላይኛው አየር ነው። በበጋ ከጠረፉ በላይ ሞቃት አየር ተንጣሎ ከሥሩ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ይከድነዋል። ክዳኑ ከፍ ያለ ቀን ቀዝቃዛው አየር ኮረብታውን በቀላሉ ይሻገራል፤ ንፋሱም ቀድሞና በርትቶ ይገባል። ክዳኑ ዝቅ ብሎ ጠረፉን ወበቅ ሲያፍነው አየሩ ከኮረብታው ወዲያ ይታገታል፣ ንፋሱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ደክሞ ይደርሳል። የእስራኤል ሜትሮሎጂ አገልግሎት ከቤት ዳጋን የሚለቀው ፊኛ የዚህን ክዳን ከፍታ ለክቶ ይነግረናል። ከሁሉ አስቀድሜ የማየው እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ ንፋሱን በመንገዱ መከተል ነው። አውቶማቲክ ጣቢያዎቹ ንባባቸውን በየ10 ደቂቃው ያወጣሉ። በመንገዱ ላይ ባለው ሸለቆ፣ አፉላ ላይ እርጥበቱ ሲጨምርና ሙቀቱ መውጣት ሲያቆም ንፋሱ ሸለቆውን እንደያዘ አውቃለሁ። ቀጥሎ ከታቦር ተራራ ሥር ካዱሪን፣ በመጨረሻ በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ጸማሕን አያለሁ። አፉላ ከዘገየ ጸማሕ ይቀድማል ብዬ ተስፋ አላደርግም።

ከዚህ ወዲያ ያለው የዓይን ሥራ ነው። ከምሥራቁ ዳር ከዓይን ጌቭ ቆሜ ማዶውን፣ የአርቤልን ገደል እመለከታለሁ። መጀመሪያ ከገደሉ ሥር፣ ከሚግዳል ፊት ለፊት ያለው ውሃ ይጠቁራል። የጥቁሩ ጠርዝ ቀጥ ያለ አይደለም፤ አንዱ ቅድ ቀድሞ ይወጣል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ መሐል ላይ ያለው ወደኋላ ይቀራል። ከጠርዙ ወዲህ ውሃው ገና ያብረቀርቃል። ጥቁሩ ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች በዝተው ከታዩ ንፋሱ ከ12 ኖት አልፏል፤ ነጭ የሌለው ጥቁር ብቻ ከሆነ ትልቁ ሸራ ይበቃል። 20 ኖት በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ነውና እኛ ጋ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ቢቀር ነው። ሸራ ለመወጠር ያለን ጊዜም ያው ነው። እኔ ይህችን ግማሽ ሰዓት ከየትኛውም ቻርት አስበልጬ እወዳታለሁ።

ይሁንና መልእክቴን ከሚያነቡት መካከል ሸራ ነክተው የማያውቁት ይበዛሉ። ነሐሴ ላይ አንዲት እናት ደውለው፣ «ወንድሜ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ልንወርድ ነው፤ ዝናብ ይኖር ይሆን?» አሉኝ። ጥያቄው አያስቅም። እንደ እሳቸው ጎንደር ላደገ ሰው የአየር ሁኔታ ማለት ዝናብ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሰማዩ የሚቀደድበት ወቅት። እዚህ በዚያው ወር ጠብታም አይጠበቅም።

«ዝናብስ የለም እትዬ፤ የምነግርዎት ንፋሱን ነው። በየትኛው ዳር ነው የሚቀመጡት?»

«በጥብርያዶስ በኩል።»

ለልጆች ከባዱ ዳር እሱ ነው። እዚያ የከሰዓቱ ንፋስ የሚመጣው ከሰው ጀርባ፣ ከየብስ ወደ ውሃ ነው። ከዳገቱ ሥር ያለው ውሃ የተጠለለ ስለሆነ ረጋ ብሎ ይታያል፤ እናት ስታየው ልቧ ያርፋል። በሚነፋ ፍራሽ ላይ የተኛ ልጅ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲንሸራተት ግን ከጥላው ይወጣና ንፋሱ ይዞት ይሄዳል፤ ዋናተኛ አባት ተከትሎት ሊደርስበት አይችልም። በየበጋው ፍራሽና የሚነፋ ጀልባ ይዛችሁ አትግቡ የሚባለው ለዚህ ነው። በምሥራቁ ዳር ያው ንፋስ ወደ የብስ ይገፋል፤ ሞገዱ ያስፈራል እንጂ የወደቀውን መልሶ ዳር ያደርሰዋል። ጣና ዳር ላደጉ አባቶች ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፤ ታንኳ በጠዋት እንጂ ንፋስ ከተነሳ በኋላ ሐይቅ እንደማያቋርጥ ያውቁታል። የሚያስቸግሩት ልጆቻቸው ናቸው።

ስለዚህ የመልእክቴ የመጀመሪያ መስመር ኖት አይደለም፤ የትኛው ዳር፣ ከስንት ሰዓት በኋላ የሚለው ነው። ወጣቶቹ ይህ አይጥማቸውም። አንድ ቁጥር ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ እንዲህ እጽፍላቸዋለሁ፦ «ከ7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ይገባል፣ ከ16 እስከ 22 ኖት፤ አፉላ እስከ 6 ሰዓት ካልቀዘቀዘ አንድ ሰዓት ጨምሩበት።» ትንበያው በምን ሊበላሽ እንደሚችል ያልነገረ ትንቢት እንጂ ትንበያ አልጻፈም ባይ ነኝ። ንፋስ መጠበቅ ደግሞ ለሁሉም ነው። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የሸራ ጀልባ ውድድሮች ማርሴይ ላይ ሲካሄዱ የዓለም ምርጦች ንፋስ አጥተው ዳር ላይ ተቀምጠዋል።

ብርዱ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ከምሥራቅ፣ ከጎላን አምባ፣ ሻርኪያ የሚባለው ንፋስ ይወርዳል። ሰዓት አያከብርም፤ ሌሊትም ንጋትም ሊመጣ ይችላል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ። የገሊላን ባሕር ማዕበል ከወንጌል የሚያውቅ ሰው ጥቁር ደመና ይጠብቅ ይሆናል፤ ሻርኪያ ግን ደመና አያስፈልገውም። ከአምባው ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ቁልቁል ስለሚወርድ የሚመጣው በተቆራረጠ ግፊት ነው፤ ለአፍታ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ሸራውን ከእጅ ይነጥቃል። በበጋ ደህና የነበረው ዓይን ጌቭ አሁን ሰውን ወደ መሐል የሚገፋ ዳር ይሆናል፤ ጥብርያዶስ ላይ ደግሞ ማዕበሉ የመናፈሻውን ግንብ ይመታል።

በእንዲህ ያለ ቀን መልእክቴ ቁጥር የለውም። «ሻርኪያ አለ፤ ከምሥራቁ ዳር ማንም አይግባ» ብዬ እልካለሁ። ወዲያው ስልኬ ይጮሃል፤ ደዋዮቹ ሁልጊዜ እነዚያው ልምድ አለን የሚሉት ናቸው፣ ጥያቄያቸውም ስንት ኖት ነው የሚል ነው። ቁጥር ከሰሙ ሸራ መምረጥ ስለሚጀምሩ አልነግራቸውም።